ሱሱ ከቆመ በኋላ ቤተሰብ እንዴት ይጠገናል?

"ሲጠጣ እንኳ እንዲህ አንጣላም ነበር።"

ከማገገሚያ የተመለሰ ባል ወይም የተመለሰች ሚስት ያላቸው ሰዎች ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የሚናገሩት እያፈሩ ነው። ለዓመታት የተመኙት ነገር ተሳክቷላቸዋል። ሰውየው ከተወ ወራት ሆኖታል። ቤቱ ግን ሰላም አላገኘም። ልጆቹ እሱ ሲገባ ዝም ይላሉ። ሚስቱ ሳታስበው ትንፋሹን ታሸታለች። እሱም "ትቼም አታምኑኝም" ብሎ ይከፋዋል።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ በእናንተ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ሱስን መተው አንድ ሥራ ነው። እንደ ቤተሰብ መኖርን እንደገና መጀመር ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተከትሎ በራሱ የሚመጣ ስለሚመስለን ሳንዘጋጅ ይይዘናል። ለመጀመሪያው ሐኪም እንፈልጋለን፤ ለሁለተኛው ግን ማንንም አንጠራም። የማኅበረሰብ ድጋፍ አገልግሎቶች ትልቁ ጥቅማቸው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚሠሩና ከየት እንደሚጀመር ላስረዳ።

ከተወ በኋላ ለምን ይከብዳል?

አንደኛው ምክንያት አካላዊ ነው። አልኮል ወይም ዕፅ ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ አንጎል ደስታንና ጭንቀትን የሚያስተናግድበት መንገድ ይለወጣል። የመጀመሪያው ሐራራ በቀናት ወይም በሳምንታት ሊበርድ ይችላል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ በትንሽ ነገር መቆጣቱ፣ ምንም ነገር አለማስደሰቱ ግን ወራት ሊቆይ ይችላል። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ "ጠባዩ ነው እንጂ መጠጡ አልነበረም" ብሎ ይደመድማል። ለመደምደም ገና ነው። ብዙ የአእምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የአሜሪካ የምርመራ መመሪያ ከ3 ወር እስከ 12 ወር ያለውን ጊዜ "የመጀመሪያ ደረጃ ማገገም" ይለዋል። ማገገሙ ጸንቷል የሚባለው 12 ወር ሲሞላ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ጀሶው በተፈታ ማግስት ሩጥ አይባልም።

ሁለተኛው ምክንያት በቤቱ ውስጥ ያለ ነው፤ ብዙዎቻችን የማናየውም ይህን ነው። ቤተሰብ ሱስ ካለበት ሰው ጋር ሲኖር ራሱን ያስተካክላል። አንዱ ዕዳ ይከፍላል። አንዱ ለጎረቤትና ለመሥሪያ ቤት ሰበብ ይፈጥራል። አንዱ ነገር እንዳይነሳ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሲያነብ ይውላል። ከእንዲህ ዓይነት ቤት የወጡ ልጆችን ለዓመታት ያከመችው አሜሪካዊት ባለሙያ ክላውዲያ ብላክ ልጆቹ ማንም ሳያስተምራቸው ሦስት ሕጎች እንደሚማሩ ጽፋለች፦ አትናገር፣ ሰው አትመን፣ ስሜትህን ዋጥ። በክፉው ጊዜ እነዚህ ሕጎች ልጆቹን ጠብቀዋቸዋል። አባት ወይም እናት ሲተዉ ግን ሕጎቹ አብረው አይጠፉም። ልጁ "አሁን ደህና ነው፣ ተናገር" ስለተባለ ብቻ አይናገርም።

በጣም የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ትልቁ ልጅ ነው። ወይም ትልቋ።

አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እናስብ። እናቷ ስትጠጣ በቆየችባቸው ዓመታት ታናሽ ወንድሟን አጥባ፣ አልብሳ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችው እሷ ናት። ወላጅ እንዲፈርምበት የተላከ ወረቀት ሲመጣ የእናቷን ፊርማ አስመስላ ፈርማለች። አሁን እናቷ ድና ተመልሳለች። ጠዋት ተነስታ "ነይ፣ ዛሬ እኔ ላልብሰው" ትላለች። ትንሹ ልጅ ሮጦ እህቱ ጀርባ ይደበቃል። ልጅቷም ሸሚዙን ከእጇ አትለቅም። "የቱን እንደሚወድ አታውቂም" ትላለች። እናት ያንን ዓረፍተ ነገር ለሳምንት ትብሰለሰልበታለች። ወይም ደግሞ ትቆጣለች፦ "እናትየው እኔ ነኝ!"

እዚህ ላይ አንድ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ በሳምንት አንድ ጊዜ ቤት ለቤት ቢመጣ የሚያደርገው ነገር ቀላል ይመስላል። እናትየው ሁሉንም ሥራ በአንድ ቀን እንዳትቀማ ይመክራታል። መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትረከባለች፤ ለምሳሌ የማታውን ማጠብ። በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሳታስቀር። ልጅቷ አጠገብ ሆና ማየት ትችላለች። ሁለተኛው ሥራ የሚመጣው ይህኛው ሲለመድ ነው። ባለሙያው ሌላም ነገር ይነግራታል፤ ልጅቷን ለሠራችው ሥራ በዝርዝር እንድታመሰግናት። "ወንድምሽን አንድም ቀን ሳይበላ ትምህርት ቤት አልላክሽውም። ያን ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።" ይህ "ይቅርታ አድርጊልኝ" ከሚለው በፊት ቢመጣ ይሻላል ባይ ነኝ። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን መልስ እንድትሰጥ ግዴታ ውስጥ ይከታታል፤ ደግሞም አንድ የአዋቂ ሸክም ይጨምርባታል። ድካሟ መታየቱ ግን ምንም አያስከፍላትም።

ልጅቷ ሥራው ሲወሰድባት ልትከፋ፣ ልታኮርፍ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ልትሆን ትችላለች። አትደንግጡ። ያኔ ጊዜ ያላገኘችለትን ልጅነት አሁን እየሞከረችው ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ምን ይቅደም?

ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከንግግር ነው። ቁጭ ብለን እንነጋገር፣ ያለፈውን እናውራ፣ ይቅር እንባባል ይላሉ። እኔ ንግግሩ ቢዘገይ እመርጣለሁ። ጣራ ሳይኖር፣ ዕዳ በር እያንኳኳ፣ ሰውነት ሳይረጋጋ የሚደረግ የእርቅ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ጠብ ይወልዳል።

ሰውነት ይቅደም። ለረዥም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው ቤት ተዘግቶበት በአንድ ጊዜ እንዲያቆም ማድረግ አደገኛ ነው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ከቅዠትና ከከባድ ግራ መጋባት ጋር የሚመጣ፣ ካልታከመ የሚገድል ሕመም አለ። አንዳንድ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶችም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን።

መድኃኒት ሲታዘዝም ቤተሰብ እንቅፋት አይሁን። ለሄሮይንና ለመሰል ዕፆች ሱስ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መሠረታዊ መድኃኒቶች ብሎ በመዘገበው ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ለአልኮል ደግሞ አምሮትን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ አሉ። "አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ ተክቶ ነው እንጂ መቼ ተወ" የሚለው የዘመድ ወሬ ሰዎችን መድኃኒታቸውን አስጥሎ ገድሏል። በሐኪም ታዝዞ፣ በልክ ተወስዶ፣ ሰውየው ሥራ እየሄደ ልጁን እያሳደገ ከሆነ፣ ታክሟል ማለት ነው።

ቀጥሎ ደኅንነት። በቤቱ ውስጥ ዱላ ወይም ማስፈራራት ከነበረ፣ ጥንዶቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ምክር ማግኘታቸው የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም። የተጎዳችው ሰው ለብቻዋ፣ እሱ በማይሰማበት ቦታ፣ ባለሙያ ታግኝ። መጠጡ ሲቆም ዱላውም አብሮ ይቆማል ብሎ መገመት ልክ አይደለም። አንዳንዴ ይቆማል፤ አንዳንዴ አይቆምም። የሚመታ ሰው ለመምታቱ የተለየ ሥራ ያስፈልገዋል።

ከዚያ መጠለያና ገንዘብ። ወደ ድሮው ሰፈር፣ ከድሮ ጓደኞች አጠገብ መመለስ ለማገርሸት ትልቅ በር ይከፍታል። ለዚህ ሲባል የሽግግር ቤቶች አሉ። በ1975 በአሜሪካ ሜሪላንድ የተጀመሩት ኦክስፎርድ ሃውስ የሚባሉት የታወቁ ምሳሌ ናቸው። በሠራተኛ የሚተዳደሩ አይደሉም። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኪራይ ይጋራሉ፣ በድምፅ ይወስናሉ፣ መጠጥና ዕፅ የጀመረ ይወጣል። እናቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩባቸውም አሉ። በ2006 በታተመ ጥናት ከሕክምና የወጡ 150 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወደዚህ ቤት፣ ግማሾቹ ወደ ተለመደው ክትትል ተላኩ። ከ2 ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ወደ አልኮል ወይም ዕፅ የተመለሱት 31 ከመቶ ያህል ነበሩ፤ ከሌሎቹ 65 ከመቶ። የመኖሪያ ጉዳይ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር አላውቅም።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ፦ ዕዳዎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የተደበቀ አይኑር። በቁማር ሱስ የተጎዳ ቤት ከሆነ ይህ ወረቀት ከምንም ይቀድማል። ለጊዜው ደመወዙን ሌላ ሰው ቢይዘው ጥሩ ነው። ግን እስከ መቼ እንደሆነ ቀን ይቆረጥለት። መጨረሻ የሌለው ቁጥጥር አዋቂን ሰው ልጅ ያደርገዋል፤ ሰውየውም መደበቅ ይጀምራል።

ለቤተሰቡም የራሱ ቡድን

በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የሚባል ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱም በመጠጥ ሕይወታቸው የተናጋ ሰዎች ነበሩ። እየተገናኙ ሲያወሩ አለመጠጣት እንደሚቀላቸው አዩ። ስም የለሽ አልኮለኞች የሚባለው የመረዳጃ ቡድን የተጀመረው እንዲህ ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የቢልን ሚስት የሎይስን ታሪክ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው።

ሎይስ ባሏን ለዓመታት አስታማለች። እሱ ሥራ ሲያጣ ሠርታ አኑራዋለች። መጠጡን እንደሚተው ተስፋ ሳትቆርጥ ጠብቃለች። በመጨረሻ ተወ። ያስተወው ግን የእሷ ፍቅርና ልፋት አልነበረም፤ ሌሎች ጠጪዎች ነበሩ። አሁን ደግሞ ማታ ማታ ወደ እነሱ ስብሰባ መሮጥ ጀመረ። አንድ ቀን "ቶሎ በይ፣ ስብሰባው እንዳያልፈን" ሲላት ጫማዋን አንስታ ወረወረችበት። የሚጠጣ ባል እያለ ያልወረወረችውን ጫማ ባሏ ከዳነ በኋላ ወረወረችው። ራሷም ደነገጠች። ያን ጊዜ ነው እሷም የራሷ ቁስል እንዳለባት ያየችው። በ1951 ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር የጠጪዎች ቤተሰቦችን ቡድን አላኖንን መሠረተች። ለታዳጊ ልጆች የሚሆነው አላቲን በ1957 ተጨመረ።

በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ምን ይደረጋል? ሰዎች በክብ ይቀመጣሉ። አንዱ የራሱን ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ማንም ምክር አይጭንም። የተነገረው ከዚያ አይወጣም። ክፍያ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ መሄድ ይችላል። የሚገርመው ነገር የምትሰሙት ታሪክ የእናንተው ሆኖ መገኘቱ ነው። "እኔ ብቻ ነኝ" የሚለው ሐሳብ የሱስ ቤት ዋና መቆለፊያ ነው፤ የሚከፈተውም በምክር ሳይሆን ሌላ ሰው አፍ አውጥቶ ሲናገር በመስማት ነው።

ቡድን ይሠራል ወይስ ማጽናኛ ብቻ ነው? በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ተቋም ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ ነበር። ሰዎችን ወደ እነዚህ የጠጪዎች ቡድኖች በአግባቡ የሚያስገባ ሕክምና ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ በመታቀብ ረገድ እንደ ሥነ ልቦና ሕክምና ካሉ ሌሎች መንገዶች እኩል ወይም የተሻለ ውጤት እንዳለው አገኘ። ለሁሉም ሰው ግን አይስማማም። መንፈሳዊ ቋንቋው የማይመቸው አለ። በብዙ ሰው ፊት መናገር የማይችል አለ። ከመንፈሳዊነት ውጭ የሆኑ ቡድኖችም ስላሉ አንዱ አልሆነም ብሎ ሁሉንም መተው አያስፈልግም።

ሰውየው ገና ያልተወበት ቤትስ? እንደዚህ ላለው ሮበርት ማየርስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ሥልጠና አለ። ለቤተሰቡ የሚሰጥ ነው። ጭቅጭቁን መቀነስ፣ ባልጠጣበት ሰዓት አብሮ ጥሩ ጊዜ ማሳለፍ፣ ሲጠጣ ዘወር ማለት፣ ያበላሸውን አለማጽዳት፣ "እንታከም" የሚባልበትን ትክክለኛ ሰዓት መምረጥ ያስተምራል። በ1999 በታተመ 130 የቤተሰብ አባላት በተሳተፉበት ጥናት ይህን ከተማሩት 64 ከመቶ የሚሆኑት ዘመዳቸውን ወደ ሕክምና ማምጣት ችለዋል። ዘመድ ተሰብስቦ በድንገት ፊት ለፊት በሚጋፈጥበት ዘዴ 30 ከመቶ፣ አላኖንን በሚከተለው 13 ከመቶ ነበር። የአላኖን ዓላማ ሌላውን ማሳከም ሳይሆን ራስን ማዳን ስለሆነ ንጽጽሩ እሱን አያሳንሰውም። ግን ዋናው ነገር ግልጽ ነው። ጩኸትና ማስገደድ ከለዘብተኛና ከታሰበበት መንገድ ያነሰ ይሠራል።

ልጆቹ ከቤት ወጥተው ከሆነ

አንዳንዴ ነገሩ ከዚህ ያልፋል። ልጆች ለደኅንነታቸው ሲባል ለዘመድ ወይም ለአደራ ቤተሰብ ይሰጣሉ። ወላጅ ሲድን "ልጆቼን መልሱልኝ" ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ "ቀስ በቀስ" ነው፤ ወላጅን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

ሂደቱ በየአገሩ ይለያያል። አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። መጀመሪያ ባለሙያ ባለበት ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት። ከዚያ ባለሙያው ሳይኖር። ከዚያ ሙሉ ቀን። ከዚያ አንድ ሌሊት። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ። በመጨረሻ መመለስ፤ ከተመለሱም በኋላ ክትትል።

የመጀመሪያው ጉብኝት እንደታለመው አይሆንም። አባት አሻንጉሊት ይዞ ይመጣል። ልጁ አይሮጥም። በሩ አጠገብ ቆሞ የባለሙያዋን ፊት ያያል። አባቱ እንባው ሲመጣ ልጁ ይበልጥ ይርቃል፤ ያንን እንባ ድሮም ያውቀዋል። የሚያዋጣው ወለሉ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ነገር መጀመር ነው። የመጫወቻ ብሎኬት መደርደር፣ ሥዕል መሳል። ልጁ ሲፈልግ ይመጣል። መሄጃ ሰዓቱ ሲደርስ "በቅርቡ ወደ ቤት እወስድሃለሁ" አይባልም። "ማክሰኞ በ10 ሰዓት እመጣለሁ" ይባልና ማክሰኞ በ10 ሰዓት ይመጣል። ባለሙያዋ ማስታወሻዋ ላይ ከምትጽፈው ሁሉ ይህ መምጣትና አለመምጣት ሚዛን ይደፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዓቶች አብረው ይቆጥራሉ፤ የማገገሙና የልጁ። ለአዋቂ አንድ ዓመት አጭር ነው። ለሁለት ዓመት ሕፃን ግን የዕድሜው እኩሌታ ነው። ስለዚህ ነው አንዳንድ ሕጎች ቀነ ገደብ የሚያስቀምጡት። ለምሳሌ በአሜሪካ በ1997 የወጣው ሕግ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በአደራ ካሳለፈ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ የወላጅነት መብት የሚቋረጥበት ክስ እንዲመሠረት ያዛል። ይህ ጨካኝ ሊመስል ይችላል። ልጅን ለዓመታት በተስፋ አንጠልጥሎ ማቆየትም ጭካኔ ነው። ወላጅ ለሆናችሁ የምለው፦ ሕክምናውን ዛሬ ጀምሩ። ለማልቀስም ለመቆጣትም በኋላ ጊዜ ይኖራል።

ሰዓቶቹን ለማቀራረብ የተሞከረ አንድ ጥሩ መንገድ አለ። በ2008 በለንደን ኒኮላስ ክራይተን በሚባሉ ዳኛ ግፊት የቤተሰብ የሱስ ፍርድ ቤት ተጀመረ። እዚያ ወላጅ በየሁለት ሳምንቱ ያው አንድ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ጠበቃ። ዳኛው እንዴት ሰነበትክ፣ ምን ከበደህ፣ ምን ተሳካልህ ብሎ ይጠይቃል። የሱስ ሐኪም፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያና ሌሎችም እንደ አንድ ቡድን ሆነው ከፍርድ ቤቱ ጋር ይሠራሉ። ወላጅ ታሪኩን ለአምስት መሥሪያ ቤት አምስት ጊዜ አይናገርም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ፍርድ ቤት ለሌለበትም ጉዳይ ይሠራል። የድጋፍ አገልግሎት ትልቁ ድክመት መበታተኑ ነው። ሱሱ አንድ ቦታ፣ ድብርቱ ሌላ ቦታ፣ ቤቱ ሌላ ቦታ፣ የልጁ ጉዳይ ሌላ ቦታ። የደከመ ሰው ይህን ሁሉ በር ማንኳኳት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትገቡበት ቢሮ ውስጥ "ጉዳያችንን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው የሚከታተልልን አንድ ሰው ይኑረን" ብላችሁ ጠይቁ። የምትናገሩት ለማን እንደሚተላለፍም ጠይቁ። ምስጢር ይጠበቃል፤ ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ባለሙያው የማሳወቅ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ መብታችሁ ነው። "ብናገር ልጆቼን ይወስዱብኛል" ብለው የሚሸሹ ብዙ ወላጆች አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ራሱ መጥቶ እርዳታ የጠየቀ ወላጅና ነገር ከፈነዳ በኋላ የተደረሰበት ወላጅ እኩል አይታዩም።

እምነት እና ማገርሸት

ለጠፋ እምነት መድኃኒቱ ትልቅ መሐላ ይመስለናል። መሐላ ግን በሱስ ቤት ውስጥ ዋጋው የወደቀ ገንዘብ ነው፤ ሁሉም ብዙ ሰምቷል። የሚያስፈልገው ሊፈጸም የሚችል ትንሽ ቃል ነው። በ12 ሰዓት እመጣለሁ ማለትና በ12 ሰዓት መምጣት። ከዘገዩ መደወል።

ከሌላው ወገን ደግሞ መርማሪ መሆን ይቅር። ኪስ መፈተሽ፣ ስልክ መበርበር፣ ጠርሙስ ማሽተት። ለምን እንደምታደርጉት ይገባኛል፤ ብዙ ጊዜ ተታላችኋል። ግን ያገኛችሁት ነገር የለም ብሎ ልብ አያርፍም፤ ነገም ይፈትሻል። ምርመራ ካስፈለገ ሕክምና ተቋሙ ያድርገው። እናንተ ሚስት፣ ባል፣ እናት ሁኑ። ከሁሉም በላይ ግን ልጅን ዘበኛ አታድርጉ። "አባትህ የት ዋለ? ምን ምን አለ?" ብሎ ልጅን መጠየቅ ከበድ ያለ ጥፋት ነው። ልጆችን የሚረዱ ባለሙያዎች የሚያስተምሯቸው ተቃራኒውን ነው፦ እኔ አላመጣሁትም፤ እኔ ልቆጣጠረው አልችልም፤ እኔ ላድነው አልችልም፤ ራሴን ግን መንከባከብ እችላለሁ። ይህን ለልጃችሁ በራሳችሁ አፍ ብትነግሩት ደግሞ ከማንም በላይ እናንተን ይሰማል።

ማገርሸት ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካ የዕፅ ሱስ ምርምር ተቋም ከሕክምና በኋላ የሚያገረሽባቸውን ሰዎች ከ40 እስከ 60 ከመቶ ያደርሳቸዋል። እንደ ደም ግፊትና አስም ካሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞች አይበልጥም። ይህን የምናገረው ነገሩን ለማቅለል አይደለም። ለተወሰነ ጊዜ ከተወ በኋላ የሚመለስ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም። በተለይ ሄሮይንና መሰል ዕፆች ላይ፣ ከማገገሚያ ወይም ከእስር በወጡ የመጀመሪያ ሳምንታት ሰዎች የሚሞቱት በዚህ ነው። ናሎክሶን የሚባለው፣ እንዲህ ያለውን ዕፅ ከልክ በላይ የወሰደን ሰው ከሞት ሊያተርፍ የሚችለው የድንገተኛ ጊዜ መድኃኒት የሚገኝበት ቦታ ያላችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ፤ አጠቃቀሙንም ተማሩ።

ዕቅዱ ሁሉም ደህና በሆነበት ቀን ይጻፍ። ምልክቱ ምንድነው? ስብሰባ መቅረት፣ እንቅልፍ መዛባት፣ የድሮ ጓደኛ ስልክ? ማን ይደወልለታል? ልጆቹ ያን ሌሊት የት ያድራሉ? ራሱ ሰውየው ዕቅዱን ይጻፈው፣ ይፈርምበትም። በዚያ ክፉ ሌሊት ቤተሰቡ አዲስ ውሳኔ አይወስንም፤ የተጻፈውን ይፈጽማል። በማግስቱም ሕክምናው ከዜሮ አይጀመርም። መድኃኒቱ ይለወጥ ይሆናል፣ ቀጠሮው ይቀራረብ ይሆናል፣ መኖሪያው ይታይ ይሆናል።

ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ዕድሉ በእውነት ይሻሻላል። በቺካጎ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ለ8 ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር። ከተዉ ዓመት ካልሞላቸው ሰዎች መካከል በዚያው የጸኑት ሲሶ ያህል ብቻ ነበሩ። አንድ ዓመት ከሞላቸው ከግማሽ በላይ ጸኑ። 5 ዓመት ከሞላቸው ደግሞ ከ100 ሰው 85 ያህሉ።

ለዚህም ነው ድጋፉን በስድስተኛው ወር "አሁን ደህና ነን" ብሎ ማቋረጥ የማይመከረው። በየሳምንቱ የነበረው ቀጠሮ በየሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በሦስት ወር ይሁን። የልጆቹ ቡድን ከወላጅ ቡድን ዘግይቶ ይቋረጥ፤ ልጆች መናገር የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ አዋቂዎቹ "አለቀ" ባሉበት ሰዓት ነውና። ፋይላችሁ ሲዘጋም የባለሙያውን ስልክ ወስዳችሁ፣ እንደገና ብንፈልግ ወረፋ ሳንይዝ መመለስ እንችላለን ወይ ብላችሁ ጠይቁ።